ደረሰኝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ዋናው ፖስታ ቤት ሠራሁ፤
የጂማን ለጂማ፣ የደሴን ለደሴ እየለየሁ።
አድራሻው በዝናብ የደበዘዘ፣ ስሙ የተፋቀ፣
በእጄ የጠፋ የለም፤ ሁሉም ደጁን አወቀ።
ይሄ ግን፣ ዘርፌ፣ ይሄ አንዱ፣
ላኪው ያልተጻፈበት፣ የማይታወቅ መንገዱ፣
ስንት ክረምት ተኛ በደምሽ ሣጥን ውስጥ፣
እኔ አጠገብሽ ተኝቼ ትንፋሽሽን ሳዳምጥ?

«ደም ወስደው ያውቃሉ?» አለሽ ልጅ እግሩ ዶክተር፣
ጥቁር አንበሳ፣ ከግማሽ ቀን ወረፋ በኋላ፣ ዓይኑን ሳይሰብር።
እኔ ቀድሜ መለስኩ፦ «ጋንዲ፣ በሰባ ሰባት፣
ልጃችንን ስትወልድ፣ ሁለት ጠርሙስ፣ በሌሊት።»
ያን ሌሊት በረንዳው ላይ፣ ከግድግዳው ተጣብቄ፣
ለማላውቀው ሰው ጸለይኩ፣ ስሙን ሳላውቅ ደሙን ብቻ አውቄ፤
«ማንም ሁን ማን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።
ዛሬ ያን ምርቃት ልሻረው? አልቻልኩ።
ልድገመው?
እሱንም አልቻልኩ።

ሰማንያ አራት ቀን፣ ሰማንያ አራት ክኒን፣
እየቆጠርኩ ሰጠሁሽ፤ ካላንደሩ ላይ መታሁ ቀኑን፣
እንደ ድሮው ማኅተሜ፣ ቀጥ አድርጌ።
«ቫይረሱ ጠፍቷል» አለን ዶክተሩ፤ እጄን ጨበጠ።
ቀጥሎ ፎቶውን ወደ መብራቱ ገለጠ፦
«ይሄ ግን አለ። በቀኙ። አምስት ሳንቲ ሜትር።»
እንግዳው ሄዶ ጓዙ ቀረ፤ እንዲህ ሆነ ነገር።

እህትሽ ብርጭቆሽን ለየች፣ ቀይ ክር አስራ።
በዚያው ጠጣሁ፣ እያየችኝ፤ ሳልቆጣ፣ ምንም ሳላወራ።
በማግስቱ ክሩ የለም።
የጥፍር መቁረጫሽን አትጋራ ተባልኩ እንጂ፣
ከንፈርሽን ማን ከለከለኝ? ማንም።

ተክለ ሃይማኖት ጋ፣ ዱለት ሲከተፍ ሰምቼ፣
ቶሎ ላሳልፍሽ ስል፣ ክንድሽን ጎትቼ፣
ቆምሽ። «ምነው፣» አልሽ፣ «ዘመዴን ሰላም አትለውም?»
ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

«አንጀቴ» ስትይኝ ኖርሽ፤ «ሆዴ» ስልሽ ኖርኩ፤
አማርኛ ለጉበት ፍቅር አልሰጠም፣ አሁን ነው ያስተዋልኩ።
ዝም ብሎ ሲሠራ የኖረ፣ ማንም ያላመሰገነው፣
እንደ ሌሊት ተረኛ፣ እንደ እኔ፣ ከመስኮት ጀርባ ያረጀው።

አዲሱ ክኒን መዳፍሽን ላጠው፣ ተረከዝሽን ሰነጠቀ።
ከነማ ሄድኩ፤ «የለም፣ ማክሰኞ።» ማክሰኞ ሄድኩ፤ «አለቀ።»
ከቸርችል ቁልቁለት እስከ ለገሃር፣ ከመስኮት መስኮት ዞርኩ፣
የጡረታዬን ስድስት ወር በአንድ ካርቶን ቀየርኩ።
ማታ ማታ ቫዝሊን እቀባሻለሁ፣ ጣት በጣት፣
የኔን ካልሲ አጠልቅልሻለሁ፣ ትልቁን፣ የሱፉን፣ የክረምት።
ትቀልጃለሽ፦ «ደብዳቤ ታሽጋለህ እንዴ?»
ዝም እላለሁ፤ ራስሽ ከብዷል በክንዴ።

የዓይንሽ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ መስተዋቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።
መልሰሽ አዞርሽው፤ «ፊቴ ነው፣ እኔው ልየው» አልሽ። ተውኩት።

ትናንት ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ያዘው።
«ያን ሰው፣» አልኩ፣ «ደም የሰጠሽን፣ መንገድ ላይ ባገኘው፣
አርባ ዓመትሽን የሰጠኝን፣ ይሄንንም ያመጣውን፣
ምን ልበለው?»

ከትራሱ ሥር፣ በፌስታል፣ የሆስፒታሉ ደረሰኝ ሁሉ አለ፣
የካርድ፣ የደም፣ የአልትራሳውንድ፣ ቀን በቀን እየተከተለ፤
የድሮ ልማዴ ነው። በጨለማ ዳሰስሽው፣
ተንኮሻኮሸ። ቆየሽ።
ከዚያ ሳቅ አልሽ፦

«ደረሰኝ በለው።
ደረሰኝ ብላለች በለው።»

ካልሲሽን ልቀይር ተነሣሁ።
መብራቱ አልመጣም። በዳሰሳ የግራውን አገኘሁ፤
የቀኙን እየፈለግሁ ነው።