አምፖሉ ሲርገበገብ

ቡሬ ላይ አምፖሉ ሦስቴ ሲርገበገብ፣
ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ምድጃው ሊመገብ።
ባለሱቅ ጥሩሰው ፍሪጁን ይነቅላል፤
ጎረቤት ለአስካሉ "ልጅሽ ገባ" ይላል።

እኔ ሚዛን ቤት ነኝ። ቁራጭ እቀበላለሁ፤
በኪሎ እጽፋለሁ፣ በኪሎ እከፍላለሁ።
አባይ በረሃ ላይ ገደል የገባ አይሱዙ፣
የጤና ጣቢያ አልጋ ከነምጡ፣ ከነወዙ፣
ከጤፍ ማሳ የወጣ የታንክ ሰንሰለት፣
ማን እንደነዳው እንኳ የማይታወስበት፣
ደወል ሆኖ የኖረ አሮጌ ቸርኬ፣
ያረፈድኩ ቀን ሁሉ የሰማሁት ተንበርክኬ።
ሚዛኑ ምን ያውቃል! ኪሎውን ያሳያል፤
ትዝታ አይጨምርም፣ ዝገት ይቀንሳል።

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣
አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ከአህያቸው ጋራ።
አያ ቢተው ናቸው፣ የሽንዲ ባላገር፤
ዶማ፣ ወገል፣ ማረሻ፣ ዕድሜው የማይነገር።
"ትራክተር ነው ዘንድሮ፤ በሬውንም ሸጥኩት፤
ይሄን ዝገት በላው፣ ጓሮ ነው የጣልኩት።"

ማረሻውን ሳሸው፣ ከጭቃው ከዝገቱ፣
ሦስት አጭር ጭረት ብቅ አለ ባንገቱ።
አውቀዋለሁ ይህን! የምንይችል ቆብ ላይ
በኖራ ተስሏል፤ ፊርማ ይመስላል ሲታይ።
"የአያቴ ነው" ብሎኛል፤ ተጨማሪ አላለም፤
እኔም አልጠየቅኩት፤ ቡሬ ይህ አይባልም።

"ማን ሠራው?" አልኳቸው። አያ ቢተው ቆዩ።
አህያዋን ቸብ አርገው ሰማይ ሰማይ አዩ።
"የኔሰው ነው። ቀጥቃጭ። ከወንዙ ባሻገር።
እጁ ወርቅ ነበር። ግን... ዓይኑ ነው ነገር።
ስናየው እንሸሻለን። ጠላ ስንሰጠው
በቅል ነበረ፤ ከአጥር ውጭ ሆኖ ሲጨልጠው
ቅሏን እንሰብራለን።"
ሊጨምሩ ሲሉ
ሳይረኑ ጮኸ፤ የቡሬ አምፖሎች ሁሉ
አንዴ... ሁለቴ... ሦስቴ...
"ኑ ይዩ" አልኳቸው።
በመስታወቱ በኩል ጉድ ነው የታያቸው፦
ሦስት ጥቁር ምሰሶ ከጣራው ወረዱ፤
ጭረቶቹን መሰሉኝ፣ ጎን ለጎን ሲሄዱ።
ብረቱን ሳይነኩት፣ ጥቂት ስንዝር ቀርቶ፣
መብረቅ ተወለደ፣ ደመናውን ትቶ።
ወናፍ የለም፣ ከሰል የለም፤ ማነው የሚያናፋ?
የበለስ ውኃ ነው፣ እሳት ሆኖ የሚተፋ።

ምንይችል ቆሞ ነበር፣ ልብሱ ብር መሳይ፣
በሰማያዊ መነጽር ፊት ለፊት እሳት ሲያይ።
"ይሄ የማን ልጅ ነው?" እያሉ ሲያጣሩ
ቆቡን ጠቆምኳቸው፤ ዓይናቸውን ሰበሩ።
መለኪያው ዲግሪ ይላል፣ ኮምፒውተር ይቆጥራል፤
ፎርማኑ ግን ዞሮ ዓይኑን ይጠይቃል።
ያን ዓይን!
"ክሮሙ ሞልቷል" አለ፣ "ገና ነው ግን አሩ፤
ትንሽ ጊዜ ስጡት፣ ይንሳፈፍ ከሥሩ።"

ኋላ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ መጣ፤ ማረሻውን አየ፤
አውራ ጣቱ ጭረቱ ላይ ጥቂት ቆየ።
ውኃ ቀዳላቸው፣ በራሱ ኩባያ፣
የዚሁ ቤት ሥራ፣ የአምና የመጀመሪያ።
"ይጠጡ አባቴ" አለ። "ይሄ አይሰበርም።"
የቅሉን ወሬ ሰምቶ ይሁን፣ አይሁን፣ አላውቅም።
ሽማግሌው ያዙት። ፊታቸው ከውስጡ
ጎብጦ ታያቸው። ቆዩ፣ ሳይጠጡ።
ከዚያ ጨለጡት። በጢማቸው ወረደ።
ምንይችል ማረሻውን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ እሳቱ ሄደ።

እኔ ደረሰኝ ጻፍኩ፦ ማረሻ፣ ሁለት ኪሎ።
"ዝገት ተቀናሽ" ላይ እጄ ቆመ ዝሎ፤
ባዶውን ተውኩት።
አህያዋ ወደ ሽንዲ ዞረች።
ከኋላዋ ቡሬ አንዴ ጨለመች፣ በራች።