ሸዋረጋ

ሞላሌ ጠዋቱን ጉም እንደ ለበሰ
መቀሴ ከበጉ ወደ'ኔ ፈለሰ።
አውራ ጣቴ ተከፈተ።
መጀመሪያ ነጭ ነው፤ አይደማም ለቅጽበት፣
ሥጋ ክው ይላል፣ እንደ ደረሰበት
ያልጠበቀው መርዶ።
ከዚያ ግን ይመጣል፣
ጠብ ጠብ ይላል ጠጉሩ ላይ፣ በነጩ ላይ ይቀላል።
በጉ ዞሮ ያየኛል፣
አንድ ጎኑ ተሸልቶ አንዱ ይቀረዋል።

እናቴ ብትኖር
ከማጀቱ ጣራ የሸረሪት ድር
ታወርድልኝ ነበር።
እኔ ግን ጣቴን በጋቢዬ ጫፍ ጠቅልዬ
ቁልቁለቱን ወረድሁ፣ ወደ ጤና ኬላ።
እዚያ ማን እንዳለች ሳላውቅ አይደለም፤
ሞላሌ ጠባብ ናት፣ የሚሰወር የለም።

የእጅጉ ልጅ ናት።
ባንድ ክንድ መሬት፣ በድንበር ድንጋይ ጠብ
አጎቴን ማሙሸትን አባቷ ነው የጣለው፣
የወተት ጥርሴ ገና ሲነቀል።
ሽማግሌ ገባ፣ ካሳ ተቆረጠ፣
«ደም ደረቀ» ተብሎ መሐላ ተፈጸመ፤
ግን በየተዝካሩ፣ በየለቅሶው መሐል፣
ጥፍሩን ሰዶ የሚልጠው አንድ ሰው መች ይጠፋል?
ሃያ ሁለት ዓመት በእጅጉ በር አላለፍሁም።

«አምጣው» አለች። በአውራ ጣቷ አውራ ጣቴን
ጫን አድርጋ ያዘች፣ ወደ ላይ ሰቅላ ክንዴን።
እሷ ሰዓቷን ታያለች። እኔ ጣራ አያለሁ።
ዝምታው ሲከብደኝ
«ካልተሰፋ» አልሁ «በምን ይቆማል ይኼ?»

«እኔ በር ይዣለሁ እንጂ
ሠራተኛው ደምህ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።
«ቧንቧው እንደ ተቆረጠ ራሱን ያጠብባል።
ቀጥሎ ደቃቆቹ፣ ፕላትሌት የሚባሉት፣
ክብ ሆነው ሲንሳፈፉ ቁስሉን የነኩ'ለት
መልካቸው ይለወጣል፤ እጅ ያወጣሉ፣
አንዱ ላንዱ ይጮኻል፣ ተደራርበው ይጣበቃሉ።
የቃጠሎ ጩኸት ሰምቶ ማን ይቀራል?
ከዚያ ደግሞ ክሩ አለ። ጉበትህ የሠራው፣
እንደ ጨው የሟሟ፣ ዓይን የማያገኘው፤
ቁስል እስኪጠራው
ሳይፈተል ይዞራል፣ ዕድሜ ልክህን ሙሉ።
ሲጠራ ይፈተላል፣ መረብ ይሆናል፣
ቀዩ ደም ሳያስበው መረቡ ውስጥ ገብቶ
ይረጋል።»

«ይረጋል» ስትል ስሟ ትዝ አለኝ።
ሸዋረጋ።
ባና ሠሪ ነኝ እኔ፣ እንዝርት ያሳደገኝ፤
በውስጤ የሚፈስ ክር እንዳለ ማን ነገረኝ?
የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይሉናል፣
የረጋ ደምስ ምን ይወጣዋል?
አልጠየቅኋትም።

አሥር ደቂቃ ሞላ። በጓንቱ ስስ ላስቲክ
ትር ትር የሚለው የማን ደም እንደሆነ፣
የእሷ ይሁን የእኔ፣
መለየት አቃተኝ።

ለቀቀችኝ። ቆሟል።
የአተር ክክ የምታህል፣ ጥቁር ቀይ ጠብታ
ቁስሉ አፍ ላይ ተቀምጣለች፣ በሩን እንደ ዘጋች።
«ቅርፊት ይሆናል» አለች። «ያሳክክሃል። እንዳትልጠው።
ከሥሩ ቆዳ ሲመለስ፣ ክሩን የሚፈታም
ያው ደምህ ውስጥ አለ፤ በጊዜው ይፈታዋል።
አንተ አትቸኩል።»
ስለ ጣቴ ነው ያለችው።
ስለ ጣቴ ብቻ ይሁን አይሁን፣ እንጃ።

ስመለስ በጉ እዚያው ነው፣ ግማሽ ለምዱን ለብሶ።
ጠጉሩ ላይ ያለው ደም ጠቁሯል ደርቆ፤
ባጥበው አልለቅ አለኝ። ከነደሙ ፈተልሁት።
በዚያ ባና ጥግ ላይ አንዲት ዳማ መስመር አለች፤
ገዢው «ቀለሟ ታምራለች» አለኝ። ዝም አልሁ።

አሳከከኝ። አልነካሁትም።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቅርፊቱ ራሱ ወደቀ፣
ያን ዕለት ረፋድ በእጅጉ በር በኩል ሄድሁ።
አርጅቷል። ዓይኑ ፈዟል። ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።
«እንደምን አደሩ» አልሁ።
«ማነህ?» አለኝ።
ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነገርሁትና
ቆምሁ።