ውሃ በመጣበት ሌሊት

ከልደታ ችሎት ወረቀቴን ይዤ፣
ፒያሳ ገባሁኝ ባሮጌ ላዳ ተጉዤ፤
ሦስት ባዶ ጀሪካን፣ አንድ ድስት፣ አንድ ፍራሽ፣
ከስምንት ዓመት ትዳር የተረፈኝ ድራሽ።

ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው እንጨት ነው፣ ቧንቧው ዝም ያለ፤
ውሃ በፈረቃ፣ ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ እሱም ዕድል ካለ።
በፊት ግርማቸው ነበር የሚሸከመው፤ ይኼን ብክድ ሐሰት ነው፤
ትከሻው ጥሩ ነበር። ከትከሻው በላይ ነው ችግሩ ያለው።

በዚህች ጠባብ ጓዳ ሁለት ወንዶች መጡ፣
ወንበሬ አንድ ነውና በየተራ ተቀመጡ።

አምሃ ኢንሹራንስ ነው። የተገጨ መኪና፣ የነደደ መጋዘን፣
ጉዳት አይቶ ያውቃል፣ ስንት እንደሚያወጣ በብር ሲመዘን።
ቧንቧዬን አዳመጠ፣ እንደ ሐኪም፣ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ጥሎ፣
«ሮቶና ፓምፕ ይግባ፣ ወጪው የኔ ይሁን» አለኝ ረጋ ብሎ።
አበባ ነው እንጂ ሰው ለሴት የሚያመጣው፤
የኔን እንባ ግን ያ የሮቶ ወሬ አወጣው።

ክንፈ ታፔላ ጸሐፊ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ቀይ ቀለም ደርቋል፤
የጻፈላቸው ሱቆች ፈርሰዋል፤ ስማቸውን ግን በቃሉ ያውቃል።
ባንድ ማክሰኞ ሌሊት በጆግና በባልዲ አብሮኝ ውሃ ቀዳ፣
ግማሹን ደረጃ ላይ፣ ግማሹን እግሬ ላይ፣ ጥቂቱን ለጓዳ።
ሳቅን፣ እትዬ ዘውድነሽ ከታች ጣሪያውን በመጥረጊያ እስኪመቱ፤
ሲነጋ ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ ጎኔን ግን ያመኛል፣ የሳቁ ብርታቱ።

«ሁለት ዛፍ የወጣ…» ይላሉ እትዬ፤ ቀሪውን ይውጣሉ፤
(ኪራይ ስከፍል ነው፤ ብር እየቆጠሩ ምክር ይመርቃሉ።)
እኔ ግን ዛፍ አልወጣሁ፤ ገና ካንዱ ወድቄ
ጉልበቴን እያሸሁ ነው፣ ጥላቸው ሥር ተደብቄ።

ካምሃ ጋር ሳወራ እንቅልፌ ይመጣል፤ ደግ እንቅልፍ፣ መሰልቸት አይደለም፤
ከክንፈ ጋር ቢነጋም ለእንቅልፍ ሰዓት የለም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።
አምሃ ጽፎልኛል፦ «ሮቶው ሐሙስ ይውጣ?»
ክንፈም ጽፎልኛል፦ «ባልዲ ይዤ ልምጣ?»
ስልኬን ደፍቼ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ፤
ወያላው «አራት ኪሎ! አንድ ሰው ቀረ!» ይላል፤
አንድ ሰው እኔ ነኝ፤ አልወረድኩ።
ማዶ የነበረው ሰፈር ተነስቶ ሣር ተተክሎበታል፤
ማንም ለማይተኛበት ሣር ሌሊቱን ሙሉ መብራት በርቶበታል።

ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሳለ፤ አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣
ከዚያ ውሃው መጣ፤ የጓዳዬ ዝምታ ጠፋ።
ሦስቱንም ጀሪካን ሞላሁ፤ ተሸከምኩ፤ ጠብታ እንኳ አላፈሰስኩም፤
(ትንሽ፣ እግሬ ላይ፣ አውቄ፤ እሱን አልቆጠርኩም።)
ከዚያ ጸጉሬን ታጠብኩ፣ በዚያ ሌሊት፣ በቀዝቃዛው፤
ስልኩ መስኮቱ ላይ ነዘረ፤ አላየሁም ማንኛው።

እጄ እርጥብ ነው። ይቆይ።