የግራው ባዜታ

ከካቫና ጀርባ፣ ዓሣ ከሚሸትበት ጠባብ መንገድ፣
ኔሬዮ ምላጩን ይስላል፣ ቆዳው ጠፍር ላይ ሲወጣ ሲወርድ።
ወንበሩ የብረት፣ መደገፊያው የተላጠ፣
ስንቱ ወንድ ተቀመጠበት፣ ስንቱ መልኩን ለወጠ።

መጀመሪያ የሄድኩ ለት ቋንቋው አፌ ላይ አልሟሸም፣
ጣቴን ጆሮዬ ሥር አድርጌ «ባዜታዬን» አልኩት፣ «እንዳትነካውም።»
መቀሱ አየር ላይ ቆመ። «ማን አስተማረህ ይህን ቃል?»
«ናዝሬት ያለ ፀጉር ቤት» ስለው፣ የጌታ አገር መስሎት አማትቧል።

አላረምኩትም። እኔ ያልኩት ባቡር ጣቢያው ጥግ ያለችውን፣
በእርሳስ ቀድሞ እያሰመረ ጋሽ ዘርጋው የሚላጭባትን።
ቃሉ በመርከብ ሄዶ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ ከኛ ጋር አርጅቶ፣
ትሪየስቴ ተመለሰ በኔ አፍ፣ ትንሽ ተኮላትፎ፣ የወላጁን ደጅ አንኳኩቶ።

ግድግዳው ላይ ፎቶ አለ፣ ቡናማ፣ ጠርዙን የበላው ብል፣
አሥራ አንድ የጉምሩክ ሹም፣ አንገቱ በኮሌታ ተደግፎ ቀጥ ሲል።
አገጫቸው የታረሰ ሜዳ፣ ጉንጫቸው ግን ጫካ፣
ከጆሮ ሥር ተነስቶ የአፍ ጥግ የነካ።
ንጉሠ ነገሥቱ እንዲያ ነበራ! ጌታ እንደተላጨ ሎሌ ይላጫል፣
ማኅተም ከወረቀት ቢጠፋ ጉንጭ ላይ ይገኛል።

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ ባንዲራው ወርዶ ሌላ ሲተካ፣
የኔሬዮ አያት ደጃፍ የቆመው ሰልፍ ባሕሩን ነካ።
የዳቦ ሰልፍ አልነበረም። የዘይትም አልነበረም።
ጉንጩን ሊያራግፍ የመጣ ነው፣ ትናንቱን የሚያርም።
አያት ላጩ፣ ላጩ፣ ሳሙናው አለቀ፣
ወለሉ ላይ የወደቀ መንግሥት ተጠረገና በከረጢት ታነቀ።

አመሻሹ ላይ ቮግሪች የሚባል፣ ጨው መዛኝ ሹም ገባ፣
ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አኖረ፣ ለመቃብር እንደሚወስዱት አበባ።
«ግራውን ላጭልኝ» አለ። ተላጨ። «በቃ፣ አመሰግናለሁ።»
«ቀኙስ?»
«የሦስት ወር ደመወዜን ሳልቀበል ምን በወጣኝ እለቀዋለሁ!»

በአንድ ጉንጭ ከርሞ ከርሞ፣ አርጅቶ ሞተ ይላሉ፤
ተከፍሎት ይሁን አይሁን፣ መዝገቡ ተቃጥሏል አሉ።

ኔሬዮም ጎረምሳ ሳለ፣ ሱሪው ታች ሰፍቶ እንደ ደወል፣
የላጭ ልጅ ባዜታ አሳደገ፣ መንገጭላው ላይ የሚውል።
አባቱ እንቅልፉን ጠብቆ ቀኙን በመቀስ ሸለተው፤
«ጠዋት መስታወት ሳይ» ይላል «ግራዬ ቀኝ ሆኖ፣
ቮግሪች አፈጠጠብኝ!
የቀረውን ራሴ ላጨሁት፣ እያለቀስኩ፣ ሳላስበው።»

ዛሬ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ስልካቸው ላይ ፎቶ ይዘው፣
ጢማቸው የባሕታዊ፣ ጾም የሌለበት፣ የቫኒላ ሽታ ያለው።
ኔሬዮ አያማቸውም፤ በትንሽ ማበጠሪያ ቀስ ብሎ ያበጥራል፣
«ድሮ እንዳጠፋው ነበር የሚከፍሉኝ፣ አሁን እንዳቆየው ይከፍሉኛል።»

የኔ ሽበት የጀመረው ከባዜታ ነው፣ ከጆሮ ሥር፣
የቮግሪች ሚዛን ላይ እንደቀረ ጨው፣ ከቁጥር እንደማይገባ ነገር።
ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። ምላጩ ጉንጬ ላይ ደርሷል፣
እጁ ተንቀጠቀጠ። «ቦራው ነው» አለኝ፣ «ነፋሱ ያስቸግራል።»
በሩ ዝግ ነበር።
መስኮቱም።

አንገቴን በፎጣ ጠርጎ መስታወቱን ያዘልኝ፣
ግራው ባዜታዬ ከቀኙ በአንድ ጣት አጥሮ ታየኝ።
«እንዴት ነው?» አለ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ የለም።
«እኩል ነው» አልኩት፣ ከፍዬ ወጣሁ።
ቆቤ ኪሴ ውስጥ ነበር፤
ነፋሱም ነበር፤
አላደረግኩትም።