የጨው ሚዛን

ቱሉ ዲምቱ፣ ከክፍያ መንገዱ አፋፍ፣
ከጎማ ጠጋኙ አልፎ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጫፍ፣
ቆርቆሮ ለብሶ የቆመ ስቱዲዮ አለን፤
ዝናብ ሲወርድ ድምፅ አንቀዳም፣ ጣሪያው እየቀደመን።
ግድግዳው ላይ ከመርካቶ በሜትር የተገዛ አረንጓዴ ጨርቅ፤
ሚልኬሳ ተወጥሮም ይተኩሰዋል፣ ጭምድዱ እስኪለቅ።

ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ሸዋንግዛው መጡ፣
ኮፍያቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።
የአሰብ መስመር ሹፌር፣ ባለ ተሳቢ፣ የድሮ፤
ጠጉራቸው ነጭ፣ ብን ያለ፣ ለማበጠሪያ አስቸግሮ።
«ይሄ መንገድ በእኛ ጊዜ አልነበረም» አሉ፣ በመስኮት አይተው፣
«ዳገቱን ቆርጠው ጣሉት፣ አናቱን ገምሰው።»
ከዚያ ወደ ጉዳያቸው፦
«ባሕሩን ካየሁ ሃያ ሰባት ዓመቴ፤
ጨርቁ ይወስዳል አሉኝ፤ ከፊቱ አቁሙኝ፣ በሞቴ።»

እኔ ካሜራውን ከፍቼ ፎርማት መምረጥ ያዝኩ።
በቀላሉ ሰባት ዓመት እንጀራ በላሁ፤ ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፤
በአንድ ካርድ ሦስት ሰዓት፣ ማንም ሳይከሰኝ ኖርኩ።
ብርሃኑን ለየነጥቡ ያድላል፣
ቀለሙን ግን አንዱን ለአራት ያካፍላል።
ዓይን አያውቅበትም። ዓይን የዋህ ነው።
አረንጓዴው ሲነቀል ግን መቀሱ የሚሄደው በቀለም ነው፤
ጠርዙ ላይ ቀለም ከሌለ በግምት ይቆርጣል፣
በግምት የተቆረጠ ጠጉር ደግሞ ያስታውቃል።
ባለፈው ሰኔ የአንዲት ተመራቂን ጎፈሬ
የጽድ አጥር አድርጌው፣ ገንዘቧን መለስኩ አፍሬ።

ከባዱ ፎርማት ቀለም አይነፍግም፤
ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይዞ ካርዱ ጢም፤
ሌላ ካርድ የለንም፣ ኮምፒውተሩም ዳገት አይችልም።

«ምን ያንሾካሽካችኋል?» አሉ። ቁጥሩን ሁሉ ትቼ፣
«ፋይሉ እንዲቀል ከቀለሙ ይቀነሳል» አልኳቸው ፈርቼ።

ሳቁ።
«ጨው ነዋ! ከአሰብ ጨው ስጭን ወደቡ ላይ ይመዘናል፤
ጆንያው ወበቁን ጠጥቶ ድንጋይ ያህላል።
ሦስት ቀን ነድቼ፣ ደጋውን ወጥቼ፣ ቃሊቲ ስገባ
ቀሎ ይገኛል። መጋዘን ያዡ፣ ‹ሌባ!›
ጆንያው አልተቀደደ፣ ስፌቱ አልተፈታ፤
ረዳቴ አልነካ፣ እኔም አልሸጥኩ ማታ።
ከደመወዜ ቆረጡ። ይቁረጡ፤
እኔን የቆጨኝ፣ በየትኛው ዳገት ላይ እንደወረደ
አለማየቴ ነው።»

ዝም አሉ።
«ከባዱን ጫን።»
ሚልኬሳ፣ «ጋሼ፣ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ለወሬዎ አይበቃም።»
«ማን ሊያወራ መጣ?»

መብራቱን ጎተትን። ከጨርቁ ራቅ አደረግናቸው፣
አረንጓዴው ፈሶ አንገታቸውን እንዳይነካቸው።
ቀዩ ነጥብ በራ።
ጀርባቸውን ሰጡን።
አንድ ደቂቃ። ሦስት። ውጭ ሲኖትራክ አጓርቶ አለፈ፤
መሬቱ ራደ፣ የጨርቁ ጫፍ ተርገፈገፈ።
«ወደዚህ ይዙሩ፣ ጋሼ፤ ፊትዎ አልገባም» አልን።
«ባሕር ፊት ቆሞ ማን ወደ ኋላ ያያል?»
ዘጠነኛው ላይ ንፋስ በበሩ ሥር ገባ፣
ብድግ አለ ጠጉራቸው፣ ልክ እንደ ጤፍ ገለባ።
ዐሥራ አንድ ሲል ካሜራው በራሱ ቆመ።
እሳቸው አልሰሙም።

ማታ አረንጓዴውን ነቀልኩት። ከጠጉራቸው አንዲት አልጎደለችም፤
የምሰጣቸው ባሕር ግን የለኝም።
ያለኝ ሁሉ የሰው አገር ውሃ ነው፣ ዘንባባ የታከለበት፣
ሰማያዊው የተጋነነ፣ ጀልባ የተጣደበት።
አንዱን ባሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤
«ይሄ ወበቅ የለውም» ብለው ኮፍያቸውን አጠለቁ።

ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ነው።
ዛሬ ሚልኬሳ፣ «ቅዳሜ ሠርግ አለብን፤
አቅልለን እንገልብጠውና ካርዱን እናጽዳው» አለ፤
«ጀርባ እኮ ነው። ማን ያውቃል?»
እውነቱን ነው። ልስማማ ነበር፤
ጣቴ ‹እሺ› የሚለው ላይ ነበር።
ጆንያው ትዝ አለኝ፣ ስፌቱ ያልተፈታው።

«ሠርጉን በስልክህ ቅዳው» አልኩት።