የፈረደ ጃኬት

እሁድ ጠዋት ነበር፤ ሐዴራ ላይ ዝናብ፣
ልብስ ክፍል ነበርኩኝ፣ ካልሲ ስሰበስብ።
ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ ጭቃውን ሳይጠርግ፣
ዓይኑ እኔን ሸሽቶ፣ ወለሉን ሲፈልግ።
«ይታይሽ» አለና፣ «የኢታማርን ስም
ዛሬውኑ ፍቺው፤ ከእንግዲህ የኛ አይደለም።»

መለያው ቀላል ነው፤ ፕላስቲክ ነው ስሙ፣
ካውያ ሲነካው ይላጣል ቀለሙ።
ጃኬቱ ነው እንጂ በክር የተጠለፈ፣
በእጄ ስሠራለት ሌሊቱ ያለፈ።

የጠለፍኩት ያኔ፣ በፈረመ ለታ፣
እናቱ ስንዱ ስትመጣ ከጽዳቷ ማታ።
«ሦስት ዓመት ነው አሉ፤ ዋስትናም አለበት፤
ቢሰበር፣ ቢታመም፣ የማይቀነስበት።»
ዋስትና የሚል ቃል አፏ ውስጥ ሲዟዟር
ከረሜላ ነበር።

ገጽ አሥራ አራት ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
ማንም ያላየው መስመር፦ «በከባድ ወንጀል
ተጫዋቹ ከተከሰሰ፣ ይህ ውል ፈራሽ ነው።»
«ከተከሰሰ» ነው።
«ከተፈረደበት» አይደለም ያለው።

ሐሙስ ዕለት ዳኛዋ ዋስትና ነሳችው።
ስንዱ ስልክ ደውላ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፦
«ያኛውስ ዋስትና?»

ልማልለት አልችልም። ኖፋርን አይቻለሁ፣
ከእናቷ ጋር በአንድ ደረጃ እወጣለሁ።
መንጋጋዋ በሽቦ ጥርስ ለጥርስ ታስሯል፤
«እሱ ነው» የሚል ቃል ወረቀት ላይ ሰፍሯል።
«አይደለሁም» አለ እሱ።
ሽቦው እስኪፈታ ስድስት ሳምንት ተብሏል፤
ስም ለመፍታት ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ይህንንም አውቃለሁ፦
አምና አንዱ አጥቂያችን ተከሶ ነበረ፤
አሥራ አንድ ጎል ነበረው፣
ያ ገጽ ሳይገለጥ እንደታጠፈ ቀረ።
ኢታማር ከፋሲካ ወዲህ ጉልበቱ አብጦ
ደሞዙን ይበላል፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ።
ጽድቅ ይሁን ሒሳብ ያስነበበው ያን ገጽ፣
እኔ ልብስ አጣቢ፣ ምን ብዬ ልግለጽ?

መርፌዬን አስገባሁ፣ ውሉን ፈለግሁት፤
የክሩን ማለቴ ነው፣
የወረቀቱንማ እነሱ አገኙት።
የአባቱ ስም ነበር በክሩ የሰፈረው፦ ፈረደ።
ከቀኝ ጀመርኩ፤ ፔ ወጣ፣ ሬሽ፣ ዳሌትም ወረደ።
ዳኛዋ ገና ናት፤ ቀጠሮው ለጥር ነው፣
እኔ ግን እሁድ ጠዋት መቀሴን ይዤ ነው።
ሄ ብቻዋን ቀረች፣ እንደ ትንፋሽ ቀላ፤
ቆረጥኳት እሷንም፣ እጄ ላይ ልትላላ።

ጨርቁን አንሥቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤
ብርሃን በመርፌ ቀዳዳው ሲገባ
ያንኑ ስም አነበብኩት።

ሥራ አስኪያጁ ተመለሰ። ለአዲሱ ልጅ ልኩ ነው አለኝ።
«ቀዳዳው ያስታውቃል» አልኩት።
ጃኬቱን ተቀበለኝ፣ አጠፈው፣
«ማን ሊያየው፣ ይታይሽ?»