መሃላችን ያለው ወንበር

ትኬቱን ስቆርጥ ለትንሹ ብዬ ነው፣ ለኖላዊ፤
ሶልያና «የሕፃን ነው» ብላ አሻፈረኝ ስትል ሰንብታ
ከስንት ልመና በኋላ ወጣች፣
በጠራራ ፀሐይ የክረምት ሹራቧን ደርባ፣
ቸርችልን ቁልቁል ስንወርድ ሃያ እርምጃ ቀድማ፣
እንደ ባዳ።
ፖስታ ቤት ጋ ብቻ ቆመች፤
የወንድሟን እጅ ይዛ አስፋልቱን አሻገረችው፣
እንደተሻገረ ለቀቀችው።

አምባሳደር ገባን። ጨለማው ፈንዲሻ ይሸታል።
በእኔና በእሷ መሃል አንድ ወንበር ተረፈ፤
ቦርሳዋን አስቀመጠችበት፣ እንደ አጥር።

ፊልሙ ካርቱን ነው።
አንዲት ልጅ አለች፣ ደብተር መያዣዋ ውስጥ
እንስሳት ይኖራሉ፦
ደስታዋ ፌንጣ ነው፣ ቁጣዋ አውራ ዶሮ፣
ፍርሃቷም ጃርት ነው፣ ከጥግ ተቀርቅሮ፤
አሥራ ሦስት በገባች ማታ ግን
አንድ እርጥብ ፍጡር መጣ፣ ስም የለሽ፣ ዓይን ብቻ፣
ባደረ ቁጥር የሚገዝፍ፣ ዚፑን የሚያስጨንቅ።
ፌንጣው ዘልሎ ዘልሎ አናቱን ሲመታ
ኖላዊ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አዳራሹን ሞልቼ።
«አባ! ቀስ በል፣ ሰው አለ እኮ»
ከአጥሩ ማዶ፣ በጥርሷ።

እኔ ግን ሐሳቤ ሸፈተ።
የዚች ልጅ ሐዘን በቦርሳ ካደረ
የእኛስ የት ነው ቤቱ?
አባቴ ሆዱ ይባባ ነበር፣ እናቴን ቆሽቷ ያርር፣
ሐሞት ሲፈስ፣ አንጀት ሲላወስ፣ ልብ ሲሰቀል ነው ያደግነው፤
ሥጋ ቤት የተንጠለጠለው ሁሉ
እኛ ዘንድ ስሜት ነው።
በእሷ ዕድሜ ግን፣ ድምፄ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጮህ፣
ለዚያ ሁሉ የሆድ ዕቃ አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃ፦
ጎረመሰ። በቃ።
ጥፊ ምርቃቷ።

ፊልሙ ላይ ልጅቷ እናቷ ላይ ጮኸች፣ በሩን ጠረቀመች፤
ቦርሳው ተቀደደ።
ያ ፍጡር ወጣ፣ አልጋዋን የሚያህል፣
አሁን ይውጣታል ስንል
እንደ ደከመው ሕፃን ጭኗ ላይ ራሱን ጣለ።
እሷም ዝም። ክብደቱን ቻለችው።
እዚህ ጋ ነው ሆዴ የባባው፤
አርባ ስድስት ዓመቴ፣ ካርቱን ፊት።
በባዶው ወንበር፣ ከቦርሳዋ በላይ
አንድ እጅ መጣ፣ ሶፍት ይዞ፣
ፊቷ ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ።

ስንወጣ መሽቷል። አውቶቡሳችን ለገሃር ነው፣
ሶልያና ግን ወደ ዳገቱ ዞረች።
«ወዴት?»
«ዶሮ ማነቂያ።»
ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም፤
ዓመት ሙሉ ገላን ሆና ስታኮርፍ
እኔም እንደ አባቴ ያችን አንድ ቃል አልኩ።

ሰፊ ነው አሁን። መብራት በመብራት፣ ሣሩ ገና አዲስ።
ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ።
ከመንገዱ ጫፍ ጀምራ በእርምጃ ለካች፣ ከንፈሯ ይቆጥራል፣
ተሳሳተች፣ ተመለሰች፣ እንደገና፣
አንዲት ለጋ ዛፍ ጋ ቆመች።
«እዚህ ጋ በራችን። እዚያ የእነ ኤፍራታ ቧንቧ።»
አይደለም፣ ትንሽ ወደ ታች ነው፣ ልል ነበር፤ ዋጥኩት።
ኤፍራታ የት እንደገባች ጠይቄ እንኳ አላውቅም።
ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።
የምይዘው ነገር አጥቼ ቦርሳዋን ያዝኩላት፤
ከባድ ነበር።
«አባ» አለ ኖላዊ፣ «ያንተስ ቦርሳ የታለ?»
ኪሴ ውስጥ የዚያ በር ቁልፍ አለ። አልነገርኩትም።

በማግስቱ ማታ በር ጠረቀመች፤
ነገሩ ስለ ካልሲ ነበር መሰለኝ፣ ወይ ስለ ቻርጀር።
ተነሣሁ፣ ደረስኩ፣
ያቺ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፣
መለስኳት፤ በሩ ሥር ተቀመጥኩ፣
ከእንጨቱ ማዶ የሚተነፍሰውን እየሰማሁ።